ደመናው ቆሞ፣ ነፋሱ ሲሮጥ፦ የተራራ ሞገድን ሰማይ ላይ የመለየትና የመለካት መመሪያ

አንዳንድ ቀን ሰማዩ ታርሶ ያደረ ማሳ ይመስላል። ነጭ ትልም፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ክፍተት፣ እንደገና ነጭ ትልም። ትልሞቹ እኩል ተራርቀው ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ሰው ሆን ብሎ ያሰመራቸው ነው የሚመስሉት።

ያሰመራቸው መሬቱ ነው። ነፋስ ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይዘላል። ተራራውን ካለፈ በኋላ ደግሞ ወዲያው አደብ አይገዛም፤ እየወጣ እየወረደ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ደመናው የሚያሳየን ያንን መውጣትና መውረድ ነው።

ሞገዱ እንዴት እንደሚፈጠር፣ በምን ዓይነት ቀን እንደሚጠበቅ፣ ከምድር ሆኖ እንዴት እንደሚረጋገጥና በሳተላይት ምስል እንዴት እንደሚለካ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተርና ኢንተርኔት ካላችሁ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ላለው ሙከራ ጨው ትጨምራላችሁ።

1. ከሁሉ በፊት ወራጅ ውኃ ተመልከቱ

ፈጠን ብሎ የሚወርድ ጅረት ውስጥ ውኃው ከላይ የሚያልፍበት ድንጋይ ፈልጉ። ከድንጋዩ ኋላ ውኃው ጎበጥ ይላል፤ ከዚያ ጎድጎድ፣ ከዚያ እንደገና ጎበጥ። አሁን ቅጠል ጣሉበት። ቅጠሉ ጉብታውን ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ሄደ። ጉብታው ግን እዚያው ነው።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። የቀረው ሁሉ በእሷ ላይ ነው የሚቆመው። ቅርጹ ይቆማል፤ በቅርጹ ውስጥ የሚያልፈው ይሮጣል።

አየርም እንዲህ ነው። አየር ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ በንብርብር የተደራረበ ነው። በተረጋጋ ቀን ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ሆኖ ይተኛል። ከዚህ ውስጥ አንድ እፍኝ አየር ነፋሱ በተራራ ላይ ገፍቶ አወጣው እንበል። ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ደረቅ አየር በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀዘቅዛል። እላይ ሲደርስ በዙሪያው ካለው አየር የበለጠ ቀዝቃዛና ከባድ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። ስለዚህ ይወርዳል። ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ፍጥነት ስላለው አይቆምም፣ አልፎ ይወርዳል። አሁን ደግሞ ከጎረቤቶቹ የበለጠ ሞቃትና ቀላል ነው። ስለዚህ ይወጣል። እንደገና ያልፋል። ዥዋዥዌ ማለት ነው።

አንዱ ዙር፣ ማለትም ወጥቶ፣ ወርዶ እንደገና እስኪመለስ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። አየሩ ይበልጥ በተረጋጋ ቁጥር ዙሩ ያጥራል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ የሚቀንስ ከሆነ፣ ዙሩ 9 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ሙቀቱ ከታች እስከ ላይ እኩል ከሆነ ደግሞ ወደ 5 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ዥዋዥዌ ሲካሄድ ነፋሱ አየሩን ወደፊት እየወሰደው ነው። ነፋሱ በሰከንድ 20 ሜትር ቢሮጥ፣ አንዱ ዙር ደግሞ 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ አየሩ አንዴ ወጥቶ ወርዶ እስኪመለስ 12 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። በሁለት ትልሞች መሃል ያለው ርቀት በግምት ይኸው ነው። ስሌቱ በቃ ማባዛት ብቻ ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት ሲባዛ በዙሩ ጊዜ።

ደመናውስ ከየት መጣ? አየሩ የሞገዱ አናት ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። በቂ ርጥበት ካለው የውሃ ተኑ ወደ ጥቃቅን ጠብታነት ይለወጣል። ወደ ሞገዱ ጎድጓዳ ሲወርድ ይሞቃል፤ ጠብታው መልሶ ይተንና ደመናው ይጠፋል። ነጩ ትልም አናቱ ነው፣ ሰማያዊው ክፍተት ጎድጓዳው።

በቁጥር እንየው። 3,000 ሜትር ላይ ያለ አየር ሙቀቱ 4 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ (ተኑ ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት) 1 ዲግሪ ነው እንበል። ልዩነቱ 3 ዲግሪ ነው። አየሩ ሲወጣ የጤዛ ነጥቡም በዝግታ ስለሚወርድ፣ 1 ዲግሪ ልዩነት ለመዝጋት 125 ሜትር ያህል መውጣት አለበት። ለ3 ዲግሪ 375 ሜትር ማለት ነው። ሞገዱ አየሩን 400 ሜትር ካነሳው ደመና ታያላችሁ። 300 ሜትር ብቻ ካነሳው ሞገዱ አለ፣ እናንተ ግን የምታዩት ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ደመና የለም ማለት ሞገድ የለም ማለት አይደለም።

2. ቀኑን ምረጡ

በየቀኑ ሰማይ ላይ ማፍጠጥ ያታክታል። የሚቀጥሉትን ነገሮች ከአየር ትንበያ አይታችሁ ብትወጡ ይሻላል።

የመጀመሪያው ነፋሱ ነው። በተራራው አናት ከፍታ ቢያንስ በሰከንድ ከ10 እስከ 13 ሜትር፣ በሰዓት ከ36 እስከ 47 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፣ ሊነፍስ ይገባል። ከፍታ ሲጨምር ነፋሱም እየበረታ ቢሄድ እሰየው። የምድሩ ነፋስ አይሸውዳችሁ። ታች ቅጠል ሳይንቀሳቀስ ላይ ሊያፏጭ ይችላል። ስለዚህ በትንበያ ድረ ገጾች ላይ የ700 ወይም የ850 ሄክቶፓስካልን (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ነፋስ ምረጡ። የመጀመሪያው 3,000 ሜትር፣ ሁለተኛው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ነው።

ከዚያ አቅጣጫው። ነፋሱ ሸንተረሩን በቀጥታ ማቋረጥ አለበት። ከቀጥታው እስከ 30 ዲግሪ ቢያዘም ችግር የለውም። በሸንተረሩ ርዝመት የሚነፍስ ከሆነ ግን ቤታችሁ ተቀመጡ።

ሦስተኛው ነገር መረጋጋት ነው፣ እሱም ከሁሉ የሚያስቸግረው። ከተራራው አናት አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ የተረጋጋ ንብርብር መኖር አለበት፤ ላይ ላይ ሲሄዱ ሙቀቱ የማይቀንስበት፣ እንዲያውም የሚጨምርበት ንብርብር። ምድሩ በፀሐይ ሲግል አየሩ ስለሚንተከተክ ሞገዱ ይበላሻል። በእኔ ልምድ ከማለዳ እስከ ረፋድ፣ እንዲሁም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ሰዓት የተሻለ ነው። ደግሞ ጎን ለጎን የሚወድቀው ብርሃን ትልሞቹን አጉልቶ ያሳያል።

ተራራው የግድ ግዙፍ መሆን የለበትም። ጥቂት መቶ ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ ይበቃል። ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ ነው ዋናው። የሸንተረሩ ስፋት ከአየሩ የተፈጥሮ ዥዋዥዌ ጋር ከገጠመ ትንሽ ኮረብታ ትልቅ ሞገድ ያስነሳል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ልጅ በትክክለኛው ሰዓት ከተገፋ በጣት ግፊት ብቻ ከፍ ይላል፤ ያለ ሰዓቱ ከገፋችሁት ጉልበታችሁን ትጨርሳላችሁ። ከመጀመሪያው ሸንተረር ኋላ ሁለተኛ ካለም እንዲሁ ነው። አየሩ ሊወጣ ሲል ካገኘው ሞገዱን ያፋፍመዋል፤ ሊወርድ ሲል ካገኘው ያጠፋዋል።

3. ቆሟል ወይስ ይሄዳል? በዓይን ማረጋገጥ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ከጣሪያ ጠርዝ፣ ከምሰሶ ወይም ከሌላ ከማይነቃነቅ ነገር አጠገብ ቁሙ። ጭንቅላታችሁን ግድግዳ አስደግፉ። የደመናውን ጠርዝ ከምሰሶው ጫፍ ጋር አጋጥሙት። ከዚያ 10 ደቂቃ ጠብቁ። 2 ደቂቃ አይደለም፣ 10።

ተራ ደመና ከሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምሰሶውን ጥሎ ሄዷል። የሞገድ ደመና ከሆነ ግን እዚያው ነው። ትንሽ ይወፍር፣ ትንሽ ይሳሳ ይሆናል፤ ቦታውን ግን አይለቅም።

አሁን ቀረብ ብላችሁ ውስጡን እዩት። ካላችሁ ባይኖኩላር ተጠቀሙ፤ ፀሐይ አጠገብ ካለ ግን በፍጹም አትሞክሩት፣ ዓይን ያጠፋል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ጠርዝ ላይ አተኩሩ። ከባዶ ሰማይ ላይ ቀጭን ጭረት ብቅ ትላለች። ከየት እንደመጣች አታውቁም። ወፈር ትላለች፣ ነጣ ትላለች፣ ወደ ደመናው ሆድ ትገባለች። በሌላኛው ጠርዝ ስትወጣ ትበጣጠስና ታልቃለች። ከኋላዋ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንዱ ጫፍ ላይ ይፈተላል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ይተረተራል። ቅጠሏንና ድንጋዩን አስታወሳችሁ?

ጭረቷን ከተከተላችሁ የነፋሱን ፍጥነትም ታገኛላችሁ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ወደ ሰማይ ብታነሱ፣ የጡጫው ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ደመናው ከራሳችሁ በላይ 4 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ፣ አንድ ጡጫ ማለት 700 ሜትር ነው። ጭረቷ አንድ ጡጫ ለማለፍ 35 ሰከንድ ከፈጀች፣ ነፋሱ በሰከንድ 20 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ስህተቱ ብዙ እንደሚሆን አልደብቃችሁም። የደመናውን ከፍታ በአንድ ኪሎ ሜትር ካሳሳታችሁ ውጤቱ በሩብ ይዛባል። ቢሆንም በጡጫ ሰማይ መለካት የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው።

ቅርጹም ይመሰክራል። ብቻውን የቆመ የሞገድ ደመና ብዙ ጊዜ ጠርዙ የለሰለሰ፣ መሃሉ ወፈር ያለ፣ ሞላላ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሌንቲኩላሪስ ሲሆን፣ በላቲን ምስር ማለት ከሆነ ቃል የመጣ ነው። ሌንስ የሚለው ቃልም ከዚያው ነው የወጣው። በእርግጥም ምስር ይመስላል። ርጥበቱ በንብርብር ሲሆን ደግሞ እንደተደራረበ ሳህን ይሆናል። በራሪ ሳህን አየን ከሚሉት ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ይህን ያዩ ይመስለኛል።

4. ስልካችሁን አቁሙት

ዓይን ይደክመዋል፣ ስልክ አይደክመውም። ታይምላፕስ ቅረጹ።

ስልኩን በማቆሚያ ላይ ወይም በድንጋይ አስደግፋችሁ አቁሙ። የፎቶው ታችኛ ክፍል ላይ የማይነቃነቅ ነገር ይግባ፤ ሸንተረሩ ራሱ ቢገባ ጥሩ ነው። በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ይበቃል። ለ40 ደቂቃ ተዉት። 480 ፎቶ ይሆናል፤ በሰከንድ 24 ፎቶ ሲጫወት 20 ሰከንድ ቪዲዮ ነው።

አንድ ምክር ልስጣችሁ፣ እኔ በኪሳራ የተማርኩት ነው። ትኩረቱንና የብርሃን መጠኑን ቆልፉት። የመጀመሪያዬን ቪዲዮ ሳልቆልፍ ቀረጽኩና ስልኩ ደመና በወፈረ ቁጥር እያጠቆረ፣ በሳሳ ቁጥር እያነጣ፣ ከሰማዩ ይልቅ የስልኩን ብስጭት ነው ያሳየኝ። በአብዛኛው ስልክ ጣትን ስክሪኑ ላይ ተጭኖ መያዝ ይቆልፈዋል።

ቪዲዮውን ስታዩት ዝቅ ብለው ያሉት ተራ ደመናዎች እየሮጡ ያልፋሉ። የሞገዱ ደመና ግን ከጀርባቸው ተገትሮ ይቀራል። ያኔ ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

5. ከላይ እዩት

ከምድር ሆኖ ሁለት ወይም ሦስት ትልም ብቻ ነው የሚታየው፤ የአንዱና የሌላው ርቀት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ስለሆነ። ሙሉውን ሰልፍ ለማየት ሳተላይት ያስፈልጋል።

የናሳ ወርልድቪው ድረ ገጽ ነጻ ነው። ቴራና አኳ የሚባሉት ሳተላይቶች ላይ ያለው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ በጥሩው ምስሉ 250 ሜትር ያህል ዝርዝር ያሳያል። የሞገድ ትልም ከዚያ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በደንብ ይታያል። እንቅስቃሴ ማየት ካስፈለጋችሁ ደግሞ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚያዩትን ተጠቀሙ፦ ለአፍሪካና ለአውሮፓ ሜቴኦሳት፣ ለአሜሪካዎቹ ጎስ፣ ለምሥራቅ እስያና ለፓስፊክ ሂማዋሪ። ከእነሱ የሚመጡትን ተከታታይ ምስሎች ስታጫውቱ የቆመውና የሚሄደው ይለያል።

አሁን ልኬቱ። ከአንድ ትልም እስከ ቀጣዩ ያለውን ብቻ አትለኩ፤ ጠርዙ ብዥ ስለሚል ትሳሳታላችሁ። ይልቅ ስድስት ትልም ቁጠሩ። ከመጀመሪያው መሃል እስከ ስድስተኛው መሃል ለኩ። ከዚያ ለአምስት አካፍሉ። ለስድስት አይደለም! ስድስት ትልም መሃል ያለው ክፍተት አምስት ነው። እኔ ራሴ በዚህ ስህተት ስንት ቀን ነፋሱን አዳክሜዋለሁ። ደግሞ መስመራችሁ ትልሞቹን በቀጥታ የሚያቋርጥ ይሁን። በሰያፍ ከለካችሁ ርቀቱ ያለ አግባብ ይረዝማል።

ጠቅላላው 60 ኪሎ ሜትር ሆነ እንበል። ለአምስት ሲካፈል የሞገዱ ርዝመት 12 ኪሎ ሜትር ነው። ዙሩን 10 ደቂቃ፣ ማለትም 600 ሰከንድ ብላችሁ ያዙ። 12,000 ሲካፈል ለ600፣ በሰከንድ 20 ሜትር። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ፣ ሳትነኩት ለካችሁት ማለት ነው።

ግምት መሆኑን አትርሱ። ዙሩ 10 ደቂቃ መሆኑን ያረጋገጠ የለም። ያንን ለማጥበብ የሜትሮሎጂ ፊኛ መረጃ ያስፈልጋል። በዓለም ዙሪያ ብዙ ጣቢያዎች በቀን ሁለት ጊዜ፣ በግሪንዊች ሰዓት አቆጣጠር በ0 እና በ12 ሰዓት ገደማ፣ ፊኛ ያመጥቃሉ። ፊኛው የተሸከመው መሣሪያ የሙቀት፣ የርጥበትና የነፋስ ልኬት በሬዲዮ ይልካል፤ መረጃውም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከሸንተረሩ አናት በላይ ባለው ንብርብር ሙቀቱ በኪሎ ሜትር ስንት ዲግሪ እንደሚቀንስ እዩ። 6 ወይም 7 ከሆነ ዙሩን ወደ 9 ወይም 10 ደቂቃ አድርጉት፤ ምንም ካልቀነሰ ወደ 5 ተኩል አውርዱት።

የናንተ ፍጥነት ከፊኛው ትንሽ በልጦ ቢገኝ አትደንግጡ። ረጅም ሰልፍ የሚፈጠረው ሞገዱ ሲታሰር ነው፤ የታሰረ ሞገድ ደግሞ ከቀላሉ ስሌት ትንሽ ይረዝማል። መታሰር ምን ማለት እንደሆነ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ስኮረር በ1949 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በሒሳብ አሳየ። ታች የተረጋጋና ዘገም ያለ፣ ላይ ያነሰ መረጋጋትና የፈጠነ ነፋስ ሲኖር፣ ሞገዱ ወደ ላይ ማምለጥ አይችልም። በምድርና በላይኛው ንብርብር መካከል እየተንጸባረቀ ወደ ጎን ይሄዳል። ያኔ ነው ማሳ የሚመስለው ትልም የሚመጣው። እንዲህ ያለ ጣሪያ ከሌለ ጉልበቱ ሽቅብ ይወጣና የምታዩት ከተራራው አናት አካባቢ አንድ ትልቅ ደመና ብቻ ይሆናል።

6. የሚያታልሉትን ለዩ

ባለ ትልም ደመና ሁሉ የተራራ ሞገድ አይደለም። ይቆማል ወይስ ይሄዳል? ነፋሱን ያቋርጣል ወይስ ተከትሎ ይዘረጋል? ይህን መጠየቅ አብዛኛውን ይፈታዋል።

የደመና ጎዳና የሚባለው ነፋሱን ተከትሎ የሚዘረጋ ነው። አየሩ እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ የሚፈጠር ሲሆን ከተራራ ጋር ጉዳይ የለውም። በሳተላይት ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው እሱ ነው፤ እኩል ተራርቆ ስለሚሰለፍ። የነፋሱን አቅጣጫ ሳታረጋግጡ ፍርድ አትስጡ።

ኬልቪን-ሄልምሆልዝ የሚባለው ደመና የባሕር ማዕበል ይመስላል፤ ጫፉ ተጠቅልሎ ሊሰበር ሲል። የሚፈጠረው በፍጥነት የተለያዩ ሁለት ንብርብሮች ሲፋተጉ ነው። ደቂቃዎች ብቻ ስለሚቆይ ካያችሁት መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ አስቡ።

ትንንሽ፣ እንደ አሸዋ ላይ ሽብሽብ ያሉትም አሉ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከነፋሱ ጋር አብረው ይጓዛሉ። የምሰሶው ፈተና ወዲያው ይጥላቸዋል።

7. ደሴት ካገኛችሁ እድለኛ ናችሁ

ሸንተረር ቀጥ ያለ ትልም ይሰጣል። ብቻውን ባሕር ላይ የቆመ ተራራ ግን ሌላ ነገር ይሠራል። በዝቅተኛ ደመና በተሸፈነ ባሕር ላይ ደሴቱ እንደ ጀልባ ይሆናል፤ ከኋላው የሚዘረጋው ሞገድ ጀልባ ውኃ ላይ ከሚተወው ዱካ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ እንደ ቀስት ጫፍ የተከፈተ። ልዩነቱ እዚህ ጀልባው ቆሞ ባሕሩ መሄዱ ነው። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችውን አምስተርዳም ደሴት፣ በደቡብ አትላንቲክ ደግሞ የደቡብ ሳንድዊች ደሴቶችን በወርልድቪው ፈልጉ። በደቡብ ሳንድዊች ደሴቶቹ ተሰልፈው ስለሚገኙ የአንዱ ዱካ የሌላውን ሲያቋርጥ ታያላችሁ።

ደሴቱ ረጅም ሆኖ ከደመናው ንብርብር ላይ ከወጣ፣ አየሩ በላዩ መዝለሉን ትቶ በጎኑ ይዞራል። ያኔ ከኋላው ግራና ቀኝ የሚቀያየሩ ሽክርክሪቶች ይለቃል። በሳይንቲስቱ በቴዎዶር ፎን ካርማን ስም ነው የሚጠሩት። የሜክሲኮዋ ጓዳሉፔ፣ የካናሪ ደሴቶችና በሰሜን ያለችው ያን ማየን በዚህ የታወቁ ናቸው። ይህ ሞገድ አይደለም፤ ግን አንዴ ካያችሁት በኋላ መፈለግ አታቆሙም።

8. ወደ ሞገዱ አትግቡ

ይህን ክፍል የጻፍኩት ድሮንና ትንሽ አውሮፕላን ለሚያበሩ ሰዎች ነው።

የሞገዱ ላይኛ ክፍል ከሐር የለሰለሰ ነው። ሞተር አልባ አውሮፕላን አብራሪዎች ይህን ያገኙት በ1933 ነው፤ ቮልፍ ሂርት የተባለው ጀርመናዊ ዛሬ በቼክና በፖላንድ ድንበር ላይ ባሉት በሪዘንገቢርገ ተራሮች ኋላ በሚነሳው ሞገድ ላይ ወጣ። እዚያ የሚቆመውን ደመና የአካባቢው ሰው ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር፤ ሞአጻጎትል ይሉታል። በ2018 ደግሞ ፐርላን 2 የተባለው ሞተር አልባ አውሮፕላን በአርጀንቲና ፓታጎኒያ፣ ሌላ አውሮፕላን ጎትቶ ካነሳው በኋላ ከአንዲስ ተራሮች በተነሳ ሞገድ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቷል። ራሱ አንድ ጠብታ ነዳጅ ሳያቃጥል።

ከሥር ግን ሌላ ዓለም ነው። ከመጀመሪያዎቹ አናቶች በታች አየሩ ተጠቅልሎ ይሽከረከራል፤ ሮተር ይባላል። ምልክቱ ከለስላሳው ደመና ሥር፣ በሸንተረሩ ከፍታ ገደማ የሚታይ የተቀዳደደ፣ የሚንፈራገጥ ደመና ነው። እሱም ቦታውን አይለቅም፤ ውስጡ ግን ይገለባበጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሞገድ ላይ ሲደረግ በነበረው ጥናት፣ በ1955 የላሪ ኤድጋር አውሮፕላን ሮተር ውስጥ ገብቶ አየር ላይ ተበታተነ። ኤድጋር በፓራሹት ተረፈ። በ1966 መጋቢት ውስጥ ደግሞ አንድ ቦይንግ 707 ፉጂ ተራራ አጠገብ፣ በጠራ ሰማይ ላይ ተሰባብሮ 124 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ከተራራው ኋላ የነበረው ኃይለኛ የአየር ንውጥውጥታ ነበር። ለማስጠንቀቅ የቆመ ደመና አልነበረም። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፤ ደመና የለም ማለት ሞገድ የለም ማለት አይደለም።

9. በጨውና በውኃ ራሳችሁ ሥሩት

ሰማዩ እምቢ ባለ ቀን ይህን ሞክሩ።

ጎኑ የሚያሳይ፣ ረዘም ያለ የፕላስቲክ ወይም የመስታወት ዕቃ አምጡ፤ 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ለአንድ ሊትር ውኃ 70 ግራም ጨው ሙልጭ አድርጋችሁ አሟሙ፣ ቀለም ጨምሩበት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሉ። ከላዩ ንጹሕ ውኃ፣ እሱም 5 ሴንቲ ሜትር። አጨማመሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። ስፖንጅ ውኃው ላይ አንሳፍፉና በእሱ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ። ከተቻኮላችሁ ይደባለቅና እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። እኔ ሦስት ጊዜ ጀምሬያለሁ። ሲሳካ በቀለሙና በንጹሑ ውኃ መሃል ጥርት ያለ መስመር ይታያል። ከዚያ 10 ደቂቃ ይረፍ።

በክር የታሰረ፣ ቁመቱ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የዕቃውን ስፋት የሚሞላ ለስላሳ ነገር ከታች አስቀምጡ። ተራራችሁ እሱ ነው። አሁን ቀስ ብላችሁ ጎትቱት፣ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል። ዓይናችሁን ከመስመሩ ጋር እኩል አድርጉ። ተራራው ካለፈ በኋላ መስመሩ ይጎደጉዳል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይጎደጉዳል። ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚገርመው የውኃው ላይኛ ገጽ ነው፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ብሎ ተኝቷል።

ትንሽ ፈጠን አድርጋችሁ ድገሙት። ጉብታዎቹ ይራራቃሉ፤ ነፋስ ሲበረታ ትልሞቹ እንደሚራራቁት ማለት ነው። በሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር አድርሱት ደግሞ። ሰልፉ ይጠፋል፤ ተራራው ከሞገዱ ቀድሞ ስለሚያመልጥ። ከዚያ መልሳችሁ ቀስ በሉ፣ ስልካችሁን ጎኑ ላይ አቁማችሁ ቅረጹ። ትኩረቱን መቆለፍ እንዳትረሱ።